ዋስ ያጣች ጎማ

በበቅሎ ወደ ሥራ የሚሄድ ባለ ዲግሪ አይታችሁ ካላወቃችሁ፣ እስካለፈው ዓመት ድረስ በእኛ መንገድ ብታልፉ ኖሮ እኔን ታዩ ነበር። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፎ፣ ወሬ ለማይወድ ሰው ሃምሳ ደቂቃ፣ ወሬ ለሚወድ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ የምኖር የትምህርት ሱፐርቫይዘር ነኝ። አምስት ትምህርት ቤቶችን እየዞርሁ አያለሁ። ሥራዬ ማየት ነው። መምህሩ ገብቷል ወይ፣ ጠመኔ አለ ወይ፣ ጣራው ያፈሳል ወይ ብዬ አይቼ እጽፋለሁ። ጣራው ግን እኔ ስለጻፍሁበት ማፍሰሱን አቁሞ አያውቅም።

መሥሪያ ቤቱ አንድ ሞተር ሳይክል አለው ይባላል። ይባላል የምለው እኔ ያየሁት መዝገብ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ቢኖርስ? ቤንዚን ለመቅዳት ሌሊት ወረፋ ይዞ ጠዋት «አልቋል» መባልን እንደ መዝናኛ ለሚቆጥር ሰው ይመቸው ይሆናል። ስለዚህ የምሄደው በአጎቴ በአያ እንዳላማው በቅሎ ነበር። አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁንም አንድ ግቢ ነን። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቅሎዋ የእኔ ናት፤ እሑድና በዓል የእሳቸው። ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ያለ እሷ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አይችሉም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ ሳልለው ቀርቻለሁና።

እኔ ልብ ያልሁት የፍኖተ ሰላምን ጎረምሶች ነበር። ለስብሰባ በገባሁ ቁጥር ከጀበና ቡና በረንዳ ላይ ሆነው «ሱፐር፣ ስንት ሲሲ ናት?» ይሉኛል። «ማርሿ ማኑዋል ነው ኦቶማቲክ?» ይላል ሌላው። ከጠዋት እስከ ማታ ከወንበር የማይነሳ ሰው በሌላው መሄጃ ሲያፌዝ መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ አትጠይቁኝ። በቅሎዋ ግን ጆሮዋንም አትሰጣቸውም ነበር፤ ከሁለታችን ክብሯን የምታውቀው እሷ ነበረች።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ስልኩን ከጠረጴዛ ሥር አሾልኮ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰው በአንዲት ጎማ ላይ ቆሞ ይሄዳል። በባትሪ የምትሄድ ጎማ ናት፤ ግራና ቀኝ የእግር መርገጫ አላት፣ መሪ የላትም፣ መቀመጫ የላትም። ሰውየው ወደፊት ዘንበል ሲል ትሮጣለች፣ ወደ ኋላ ሲል ትቆማለች። ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ፣ አገሩ ሁሉ የአባቱ ርስት ይመስል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ዕድሜዬን በሙሉ የጎደለኝ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ባልደረባዬ «ዱርቤቴ አንድ ሰው ገዝቶ በሳምንቱ ክንዱን ሰበረ አሉ» ቢለኝም፣ የሌላ ሰው ክንድ ለእኔ ትምህርት ሆኖ አያውቅም።

ማታውኑ ለአያ ነገርኋቸው።

«አያ፣ በቅሎዋን ሸጠን ጎማ እንግዛ።»

አያ እንዳላማው ከቡሬ እስከ ፈረስ ቤት የታወቁ የበቅሎ መርማሪ ናቸው። በቅሎ ሊገዛ የሚሄድ ሰው እሳቸውን ሳይዝ አይሄድም። ስለዚህ መጀመሪያ ምርመራቸውን ጀመሩ።

«ስንት እግር አላት?»

«አንድ።»

«እሽ። ምን ትበላለች?»

«መብራት።»

«መብራት የጠፋ ቀንሳ?»

«ትጾማለች።»

«እንግዲያስ ከእኔም ከአንተም በላይ ጾመኛ ናት» አሉና ጉልበታቸውን አሹ። «እኔንስ እሑድ ማን ያደርሰኛል?»

«እኔ አደርስዎታለሁ፤ ከኋላዬ ይቆሙና ወገቤን ይይዛሉ» አልኋቸው። ይህን ስናገር ትንሽ እንኳ አላፈርሁም። ያን ጊዜ ጎማዋን በስልክ እንጂ በዓይኔ እንኳ አላየኋትም ነበር።

አያ ወደ በቅሎዋ ዞረው አዩ። «ልጄ፣ ሰው የሚስቅብህ ከሆነ ትሸጥ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሻጩ ዋስ ይጥራ። ያለ ዋስ ዶሮም ገዝቼ አላውቅ።»

ከከተማ ለምታነቡኝ ላስረዳ። በእኛ ገበያ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋሱ በቅሎዋ እንዳልተሰረቀች፣ እንደማትራገጥ፣ የተደበቀ በሽታ እንደሌለባት በሰው ፊት ይናገራል። ነገሩ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ሻጩ ቢጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ዋስ የሌለው ሻጭ በቅሎው ብትዘፍን እንኳ አይሸጣትም።

መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም አንድ ስልክና ሶላር የሚሸጥ ሱቅ ሄድሁ። የጎማዋ ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «አለ?» አልሁ። «ነገ ይገባል» አለኝ ባለሱቁ። በማግስቱ ስሄድ «ነገ ይገባል»። በሳምንቱ ስሄድ «ምነው ትናንት ብትመጣ ኖሮ» አለኝ፤ ትናንት የገባው ወጥቷል ማለቱ ነው። ቀብድ ብሰጠው ግን ከአዲስ አበባ ያስመጣልኛል፤ ቀብዱም የዋጋዋን ሙሉ ያህል ነው። ኦሪጅናል ናት ወይ ብዬ ስጠይቀው ተቀየመኝ። በዚያ ሱቅ ኦሪጅናል ያልሆነ ነገር የለም፤ ባትሪው ኦሪጅናል፣ ቻርጀሩ ኦሪጅናል፣ ከሁሉም ደግሞ ውሸቱ ኦሪጅናል ነው። ዋስ አለህ ወይ ስለው «ብራንድ ነው እኮ ወንድሜ!» አለኝ። ለአያ ስነግራቸው «ብራንድ የሚሉት የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

የአገር ውስጡ እንዲህ ከሆነ ብዬ ወደ ውጭ ዞርሁ። ስልኬ ላይ ሊሊ የምትባል የሩቅ ምሥራቅ ሻጭ አገኘሁ። መቼም ትሕትና ካላችሁ የእሷ ነው። አማርኛ አታውቅም፤ በትርጉም ማሽን ነው የምትጽፈው። «የተከበሩ ውድ ጓደኛ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ መንኮራኩራችን በእርስዎ ደስታ ይሽከረከራል» ትለኛለች፣ ሦስት አበባ ጨምራ። ከተወለድሁ ጀምሮ የተከበሩ ብሎ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ሲጽፍልኝ እንኳ በስሜ ብቻ ነው የሚጠራኝ። ለሁለት ሳምንት ከሊሊ ጋር በፍቅር ከረምሁ ማለት ይቻላል።

ፍቅሩ የተበላሸው አድራሻ ስትጠይቀኝ ነው። የመንገድ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ የፖስታ ኮድ አለችኝ። እኔም በሐቅ «ከአስፋልቱ ወደ ግራ ታጥፈው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ ከትልቋ ዋርካ ሲደርሱ የአያ እንዳላማውን ቤት ይጠይቁ፤ ውሻው ይታሰራል» ብዬ ጻፍሁ። «ጓደኛ፣ አድራሻዎ ታሪክ ነው፤ ሳጥኑ አይበቃውም» አለችኝ። ቀጥሎ ባትሪ በአውሮፕላን አይጫንም አለች፤ በመርከብ ሦስት ወር ቆይቶ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያ እኔው ሄጄ እወስዳለሁ። ጅቡቲ! ጎማ የምገዛው መሄጃ ስለሌለኝ እኮ ነው!

«ጅቡቲውን ተወውና ዋስ አላት?» አሉ አያ።

ጠየቅኋት። የአንድ ዓመት ዋስትና የሚል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላከችልኝ። አያ ስልኩን ተቀብለው ወረቀቱን በጣታቸው እየገፉ አዩት። «ወረቀት እጅ ከፍንጅ ይያዛል? ወረቀት ሽማግሌ ፊት ይቀርባል? ሰው ትጥራ በላት።» ሰው ጥሪ ብዬ ጻፍሁላት። ሊሊ የዋዛ አይደለችም፤ የፋብሪካውን ሠራተኛ በሙሉ አሰልፋ፣ ሁሉም አውራ ጣቱን ቀስሮ የተነሳውን ፎቶግራፍ ላከች። አርባ ሰው ይሆናል። አያ እንዳላማው ያን ሁሉ ፊት አንድ በአንድ መረመሩት። በመጨረሻ ጥግ ላይ መጥረጊያ ይዘው የቆሙ አንዲት አሮጊት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«እኒህ ሴትዮ አይዋሹም። እሳቸው ዋስ ይሁኑ።»

ሊሊ ከዚያ በኋላ ለአራት ቀን ዝም አለች። ስትመለስ የጻፈችልኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ጎማዋ አያያዝ ረጅም መመሪያ። ውስጡ «ዝናብ ችግር የለም፤ ውሃ ውስጥ መግባት ግን ይሞታል» የሚል አለ። አንብቤዋለሁ። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

«ይቅርብን» አሉ አያ። «ቡሬ ካለ ቡሬ ይሻላል። የአገሬ ሰው ሲክደኝ ቢያንስ ፊቱን አያለሁ።» ከአገር ውስጥ ነጋዴ የመግዛት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ቡሬ ጌትነት የሚባል ነጋዴ ጎማዋን በእርግጥም ሱቁ ውስጥ አስቀምጧታል። ሥዕል አይደለችም፤ ራሷ ናት። በገበያ ቀን አያ በበቅሏቸው፣ እኔ በሚኒባስ ሄድን። ሐሳባችን ጎማዋ ካማረችን በቅሎዋን ከብት ተራ ሸጠን ልንከፍል ነው። ጌትነት «አያ እንዳላማው! ሱቄ ተባረከ!» ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ አለ። ዱባይ የነበረች፣ አንድ ዶክተር ብቻ ለስፖርት የነዳት ጎማ ናት አለን። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ዕቃውን ሁልጊዜ ዶክተር ነው የሚያስነዳው፤ ዶክተሮቻችን ሕመምተኛ የሚያዩት መቼ እንደሆነ አላውቅም።

አያ ኩታቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉ። የጎማዋን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ጥርሷ አላለቀም፤ ግን ዶክተሩ ብቻውን አልነዳትም» አሉ። ገበያተኛው ተሰበሰበ። «ዋስ ጥራ» አሉት።

ጌትነት ከጎረቤት ጠላ ቤት ሦስት ሰዎች ጠራ። ሦስቱም አፋቸውን እየጠረጉ መጡና ዕቃውን ሳያዩ «ዋስ ነን» አሉ። አያ መካከለኛውን ትኩር ብለው አዩት። «አንተ አምና ለዚያ ዕውር በሬ ዋስ የሆንኸው አይደለህም?» ሰውየው ምንም አላፈረም። «በአንድ ዓይኑ ያያል ነው ያልሁት አያ» አለ።

«እሽ፣ መጀመሪያ ትሞከር» አሉ አያ።

«ትሞከር!» አለ ጌትነት። «ግን ብትሰበርስ? የእናንተስ ዋስ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ እንዳላማው።

በዚያ ገበያ ይህን ቃል ደግሞ የጠየቀ የለም። ጌትነት ራሱ «በቃ፣ በቃ፣ እርስዎ ካሉ!» ብሎ ጎማዋን አወጣት።

ወጣሁባት። ወደፊት ዘንበል አልሁ። ጎማዋ ከእኔ ቀድማ የት እንደምትሄድ ወስና ነበር፤ ቀጥታ በርበሬ ተራ ውስጥ ይዛኝ ገባች። አንዲት ሴትዮ ያሰጣችው ዛላ በርበሬ መካከል ስወድቅ የተነሳው አቧራ ገበያውን ሁሉ አስነጠሰው። ሻጭ ያስነጥሳል፣ ገዥ ያስነጥሳል፣ ፍየል ያስነጥሳል። ባለበርበሬዋ «ይማርህ አልልህም!» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ሁለተኛ ወጣሁ፣ ወደቅሁ። ሦስተኛ ወጣሁ፣ አምስት ክንድ ያህል ሄድሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ወገኖቼ፣ ጭብጨባ መጥፎ ነገር ነው። እኔ በሕይወቴ ሰው ያጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ምን እንዳስከፈለኝ አሁን ትሰማላችሁ።

አያ እጃቸውን አነሱ። «ውሃ ትሻገራለች?»

በቅሎ ሲገዛ የመጨረሻው ፈተና ይኸው ነው። ወንዝ ላይ የምትለግም በቅሎ በክረምት ሰው ታስቀራለች፤ ስለዚህ ሳትሻገር አትገዛም። ከገበያው ወረድ ብሎ ቀጭን ወንዝ አለ።

«ኧረ እሷ! ዳክዬ ናት እኮ አያ፣ ውሃ አይገባባትም!» አለ ጌትነት። ምን ይበል? ነጋዴ ነው፤ ትበራለች ወይ ቢሉትም ከአዲስ አበባ በርራ ነው የመጣችው ይል ነበር።

እኔ ግን አውቃለሁ። የሊሊ መመሪያ ኪሴ ውስጥ ባለው ስልክ ላይ ነው። «አያ፣ ይህቺስ ውሃ አትወድም» ማለት ነበረብኝ፤ አራት ቃል ብቻ ነው። ሕዝቡ ግን «ይሻገር! ይሻገር!» እያለ ተከትሎኝ ወንዙ ድረስ ወርዷል፤ ከመካከላቸውም ስልክ ደግኖ የሚቀርጸኝ አለ። ሁለት እጄን ኪሴ ከተትሁ። ዘንበል አልሁ። ገባሁ።

መካከል ላይ ስደርስ ጎማዋ ሦስት ጊዜ ጢጥ አለች። አራተኛውን አላለችውም። እኔ በአፍጢሜ ተደፋሁ፤ እሷ በጎኗ ተኛች። ከውሃው ስወጣ እየተንጠባጠብሁ ያቀፍኋት ነገር በቅሎ ብትሆን ኖሮ ቆዳዋ ይጠቅም ነበር።

ሽማግሌዎች እዚያው ተቀመጡ። እኛ «ውሃ አይገባባትም ብሏል» አልን። ጌትነት «እኔ እንዲያ አልወጣኝም» አለ። ሦስቱ ዋሶች ተጠሩ፤ ሦስቱም አልሰማንም አሉ፤ የዕውሩ በሬ ዋስ ደግሞ ያን ጊዜ ጆሮዬን ይዞኝ ነበር አለ። ሽማግሌዎቹ ግን ወደ አያ ያጋደሉ ይመስሉ ነበር፤ አንደኛው «የአያ እንዳላማው ቃል ይበቃናል። ገዥው ሳያውቅ ከገባ ጥፋቱ የሻጭ ነው» አለ።

አያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ውሃ እንደምትጠላ ታውቅ ነበር?»

መሬት መሬት አየሁ። አላውቅም ብል እናሸንፍ ነበር። አውቃለሁ ብልም ሰው እባል ነበር። ሁለቱንም አላልሁ።

አያ ካሳደጉኝ ሃያ ስንት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዝም ስል ምን እንደምል ያውቃሉ። ተነሡ። ወደ በቅሎዋ ሄደው ኮርቻውን ፈቱ፣ ግላሱን አነሱ፣ ጀርባዋን አንድ ጊዜ መታ መታ አደረጉ። ልጓሟን ለጌትነት ሰጡት። «ዋስ ነኝ ብያለሁ» አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ሩቅ ምሥራቅ ስንፈልገው የከረምነው ዋስ ያን ዕለት ተገኘ፤ ከፋዩም እሳቸው ብቻ ሆኑ። እዚያው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ነገር ግን መሬቷም ናቀችኝ መሰለኝ።

በሚኒባስ ተመለስን። ኮርቻው በአያ ጭን ላይ፣ የሞተችው ጎማ በእኔ ጭን ላይ። ረዳቱ ለጎማዋም ለኮርቻውም ክፈሉ አለን፤ ጎማዋ የራሷ መሄጃ ካላት ለምን ተሳፈረች ብሎም ጠየቀኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። አያ አልሳቁም፤ አልተቆጡኝምም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት!

አሁን ጎማዋ ግቢያችን አለች፣ ዶሮዎች ይቆሙባታል። ሊሊም አንዳንድ ጊዜ «የተከበሩ ጓደኛ፣ አሁንም ይፈልጋሉ?» ትለኛለች። ከእናንተ መካከል ከአገር ውስጥ ልግዛ ወይስ ከውጭ ብሎ የሚጨነቅ ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ የውጩ ባለመድረሱ ይገድላል፣ የአገሩ በመድረሱ። ከሁለቱም የከፋው ግን ጭብጨባ የሚወድ ገዥ ነው።

በቀጣዩ እሑድ አያ ጎህ ሳይቀድ ተነሡና በእግራቸው ጀመሩ። ክንዳቸውን ይዤ ሄድሁ። በቅሎዋ በግማሽ ሰዓት የምትጨርሰውን መንገድ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ በየድንጋዩ ይቀመጣሉ፣ ጉልበታቸውን ያሻሉ፣ ይነሣሉ። ቅዳሴው ወጥቶ ደረስን። የነፍስ አባታቸው ከደጀ ሰላሙ በር ላይ አገኙን።

«አያ እንዳላማው፣ ምነው ዛሬ በእግርዎ? በቅሏስ?»

እሳቸው ስለ በቅሎ ዋሽተው አያውቁም፤ የአገር ሰው ሁሉ የሚያከብራቸውም በዚሁ ነው። ከኋላችን ጎረቤቶቻችን ቆመዋል፣ የምቆጣጠራቸው ሁለት አስተማሪዎችም አሉ። አያ ወደ እኔ አየት አደረጉ።

«እግሯን ትንሽ አሟት ነው፣ አባ» አሉ። «ግቢ ተኝታለች።»

ለእኔ ሲሉ ነው፤ በነፍስ አባታቸው ፊት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ የእኔን ውርደት በራሳቸው ነፍስ ላይ ጫኑት። እኔ ለእሳቸው አራት ቃል ከብዶኝ ነበር።

ቄሱ ከልባቸው አዘኑ። «ምስኪን! እንግዲያስ ነገ ጠዋት ጠበል ይዤላት ብቅ እላለሁ» አሉና መስቀል አሳልመውን ገቡ።

አያ ቄሱ እስኪርቁ ጠበቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«በል አንተ ባለ ዲግሪ፣ እስከ ነገ ጠዋት አንዲት አንካሳ በቅሎ ፈልግ።»